ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንግሊዝኛው አልገባ ብሏችሁ ከሆነ እኚህን መምህር ሳልጠቁማችሁ አላልፍም

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ ጽሁፍ የማበዛ ሰው አይደለሁም፤ ሌላው የጻፈውን አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን ምስጋናዬን ሳላደርስ ብቀር ህሊናዬ አይለቀኝም። ደግሞ እኔ የተንገላታሁትን ሌላ ሰው እንዳይንገላታ ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

በዲቪ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሰራለሁ፤ ቀን ቀን ደግሞ ነርሲንግ ለመግባት የሚያስፈልገኝን እንግሊዝኛ እማራለሁ። አገር ቤት 12ኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሂሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነበር፤ "አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ቀይሩ" ከተባለ ከክፍሉ የሚቀድመኝ አልነበረም። እዚህ መጥቼ ግን "ሌሊት ምን እንዳጋጠመ ሁለት መስመር ጻፊ" ስባል እጄ ይታሰራል። አለቃዬ የጻፍኩትን ታነብና ሰው ፊት "ታማሚዋ አሁን እየወደቀች ነው ወይስ ወድቃ ነበር?" ትለኛለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

መጀመሪያ የያዝኩት ቲክቶክ ላይ "በ3 ወር እንደ ፈረንጅ ትናገራላችሁ" የሚለውን ነው። ስሙን አልጠራም፣ ያየው ሰው ያውቀዋል። ገንዘቡን አስቀድመን በዜል ላክን። ዙም ላይ ስንገባ የሰው ብዛት ሰርግ ነው የሚመስለው፤ የሁላችንም ማይክ ተዘግቶ እሱ ብቻውን ያወራል። ጥያቄ ስንጽፍለት "እሱን ቀጣዩ ደረጃ ላይ ትማሩታላችሁ" ይላል። ቀጣዩ ደረጃ ማለት ሌላ ክፍያ ነው። ገንዘቤን መልስልኝ ስለው ከግሩፑ አስወጣኝ።

ከዚያ በአካል የሚሰጥ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዋ መልመጃውን ታድለንና ስልኳን ስታይ ቆይታ መልሱን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። "ለምን እንዲህ ሆነ?" ብዬ ስጠይቃት "እንግሊዝኛ እንዲህ ነው" አለችኝ። በቃ! አንድ ቀን ጮክ ብዬ ሳነብ የሳቀችው ሳቅ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ልጅ ያሳደግኩ፣ ሬሳ የገነዝኩ ሴት ነኝ፤ ንባብ ላይ ምላሴ ተያዘ ተብሎ ነው የሚሳቅብኝ?

ከሁሉም የባሰው ግን "የቤት ስራሽን እኔ ልስራልሽ፣ በገጽ ነው የማስከፍለው" ያለኝ ነው። እሺ እሱ ይጻፈው፣ ፈተናው ላይስ እሱ ሊቀመጥልኝ ነው? ልጄም፣ እግዜር ይባርካትና፣ ልታስረዳኝ ትሞክራለች። ምክሯ ግን "ማሚ፣ ጆሮሽን ደስ የሚለውን ምረጪ" ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ጆሮ ደስ የሚለውን ያውቃል፤ የእኔ ጆሮ በምን አውቆ?

ተስፋ ቆርጬ ትምህርቱንም ልተወው ስል አንዲት የስራ ባልደረባዬ "ቅዳሜ እንዳትተኚ፣ ላይብረሪ እወስድሻለሁ" አለችኝ። ዌይን አቬኑ ላይ ያለው የካውንቲው ላይብረሪ ነው። ጋሼን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛልና ጋሼ ብቻ ልበላቸው፤ እኛ ተማሪዎቻቸውም የምንጠራቸው እንደዚያው ነው። አገር ቤት ዕድሜ ልካቸውን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ልጆቻቸው ጋ የመጡ አባት ናቸው።

ገና ስቀመጥ ከክፍል የተመለሰልኝን የቤት ስራ አወጣሁላቸው። ከላይ እስከ ታች ቀይ በቀይ ነው። ጋሼ ዝም ብለው አነበቡት። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጡና በጀርባው በኩል "ሄደ የሚለውን ግስ በአማርኛ አርቢልኝ፣ ከእኔ ጀምሪ" አሉኝ። በአማርኛ? እንግሊዝኛ ልማር መጥቼ? እሄዳለሁ አልኩ፤ ጻፉት። አንተስ? ትሄዳለህ። አንቺስ? ትሄጃለሽ። እንዲህ እንዲህ እያልን እሱ ይሄዳል፣ እሷ ትሄዳለች፣ እንሄዳለን፣ ትሄዳላችሁ፣ ይሄዳሉ። "ለእኔ ለሽማግሌውስ ምን ትያለሽ?" እርስዎ ይሄዳሉ አልኳቸው። "እሱ ከእነሱ ጋር አንድ ነው፣ አልቆጥርብሽም" ብለው ስምንት መስመር ደረደሩ። ከጎኑ ደግሞ እንግሊዝኛውን ጻፉ። ጎ፣ ጎ፣ ጎ፣ ጎዝ፣ ጎዝ፣ ጎ፣ ጎ፣ ጎ።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝና "ልጄ፣ አንቺ እኮ ስምንቱን ሳትሳሳቺ ከእናትሽ ጋር ስትጫወቺ ያደግሽ ነሽ። እነሱ ያላቸው ሁለት ነው። ለአንዲት ኤስ ነው እንዲህ የምትሸማቀቂው?" አሉኝ።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ዓይኔ ሞላ፤ ባልደረባዬ ሶፍት ፍለጋ ቦርሳዋን ትጎረጉራለች። ያን ሁሉ ጊዜ "እንግሊዝኛ እንዲህ ነው" ሲባል ለሰማ ሰው፣ ያለኝን ቆጥሮ ያሳየኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

በዚህም አላበቁም። ወረቀቱን መልሰው ገለበጡና ቀዩን አንድ በአንድ አዩት። "ይኼ ሁሉ ቀለም ያስፈራል እንጂ ስህተትሽ ሁለት ነው፤ እነሱን ነው የደጋገምሻቸው" አሉኝ። አንዱ ያቺው ኤስ ነች። ሌላው ያለፈው ጊዜ ነው። እኔ "ዲድ ዩ ዌንት" እያልኩ ነበር የምጽፈው። ጋሼ ምን አሉ መሰላችሁ? "ዲድ ተሸካሚ ነው። ያለፈውን ጊዜ እሱ ከተሸከመልሽ ሌላው ባዶ እጁን ይሂድ፤ ዲድ ዩ ጎ በዪ።" ከዚያ ወዲህ ዲድ ባየሁ ቁጥር ጭነት የተሸከመ ሰው ነው የሚታየኝ፤ ተሳስቼ አላውቅም። ሌላም ብዙ ነገር አስተምረውኛል፤ ፐርፌክት የሚባል አንድ ጉድ አለ፣ እሱን እኔን አትጠይቁኝ፣ ጋሼን ጠይቋቸው።

የቤት ስራ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሰሩልናል ብላችሁ እንዳታስቡ። እርሳስ እንኳ አይነኩም። ስህተቱ ያለበት መስመር ላይ ጣታቸውን ያደርጉና ዝም ይላሉ። እስክታገኙት ጣታቸው አይነሳም። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ እውነቴን ነው። ግን ራሳችሁ ያገኛችሁት ነገር አይጠፋችሁም።

ለስራዬ ደግሞ ለብቻ ያስለምዱኛል። "ያንቺን ሌሊት ጻፊልኝ፤ የታማሚ ስም ግን እንዳታመጪብኝ፣ የሰው ገመና ነው" አሉኝ። ስለዚህ አንዲት አሮጊት ፈጥሬ በየሳምንቱ እጥላታለሁ። ከአልጋ ወድቃለች፣ መታጠቢያ ቤት ወድቃለች፣ ኮሪደር ላይ ወድቃለች፤ ምስኪን፣ ደብተሬ ውስጥ ያልወደቀችበት ቦታ የለም። አለቃዬ ግን አሁን የጻፍኩትን አንብባ ፈርማ ታልፋለች። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ቅዳሜ ፈረቃ ከገባብኝም አይተዉኝም። "ለጸሎት ስለምነሳ እረፍት ስትወጪ ደውይልኝ" ብለውኝ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በስልክ ዓረፍተ ነገር እያነበብኩላቸው አርመውኛል። የትኛው ተከፋይ አስተማሪ ነው ይህን የሚያደርገው?

ታማኝነታቸውን ደግሞ በዚህ እወቁት። አንዲት እናት ለዜግነት ፈተና እንግሊዝኛ ሊማሩ መጡ። ከዚያ በፊት ለሌላ ሰው በየወሩ ሲከፍሉ ነበር። ጋሼ ደብተር እንኳ ሳያስወጧቸው ዕድሜያቸውንና ግሪን ካርድ ከያዙ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ጠየቋቸው። ለካ 55 ዓመት ሞልቶት በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ፣ ወይም 50 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ሰው የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርለታል፤ የታሪክና የመንግስት ጥያቄውን በአስተርጓሚ በአማርኛ መመለስ ይችላል። እሳቸው ሁለቱንም አልፈዋል! ያ ገንዘብ ይቀበል የነበረ ሰው ይህን ሳያውቅ ቀርቶ ነው? እንጃ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ። እናታችን ግን እንግሊዝኛው ቀርቶላቸውም እስካሁን ይመጣሉ፤ ከልጅ ልጆቼ ጋር ላውራበት ብለው።

ክፍያ የሚባል ነገር የለም። በፖስታ አድርጌ ልሰጣቸው ብሞክር ተቆጡኝ። አንዳንዶቻችን ደብተር በጥቅል ገዝተን እናስቀምጣለን፣ አዲስ የመጣ ሰው ያነሳል፤ እሱን ብቻ ነው የሚቀበሉት። አፍ ለመፍታት ደግሞ በካውንቲው ላይብረሪዎች በነጻ ወደሚካሄደው የእንግሊዝኛ መነጋገሪያ ክበብ ይልኩናል። "ከእኔ ጋር ብቻ ከዋላችሁ አማርኛ ነው የምታሻሽሉት" ይላሉ።

እባካችሁ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ ታክሲ የምትነዱ፣ ፓርኪንግ የምትሰሩ፣ ሰው ቤት የምትውሉ፣ ዕድሜዬ ሄዷል የምትሉ፣ ሂዱ። ገንዘባችሁን ለማንም ከመበተናችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ሞክሩት። ቨርጂኒያ ያላችሁም ድልድዩ ይጨናነቃል እያላችሁ አትለግሙ፤ ከአሌክሳንድሪያ የሚመጣ አንድ ወንድማችን ከሁላችን ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ጋሼ፣ ይህን ካነበቡት ስምዎን አልጻፍኩም፣ እንዳይቆጡኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የትኛው ክፍል እንደሆነና ሰዓቱን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። የራሳችሁን ደብተርና የተመለሰላችሁን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀይ የበዛበትን ነው የሚወዱት። ደግሞ በሐበሻ ሰዓት እንዳትሄዱ፤ ሩብ ሰዓት ካለፈ በሩን ይዘጋሉ፣ እኔንም ዘግተውብኝ ያውቃሉ።