«የቦርጭ ማጥፊያ ፕሮግራም» ብላችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ለምንውል ሰዎች ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል። በኢንተርኔት የሚሸጥ የቦርጭ ማጥፊያ ፕሮግራም 6,300 ብር በልቶኛል። ብሩስ ይሁን። ጤናዬን ሊያሳጣኝ ነበር፤ ስለዚህ የሆነውን በደንብ ልንገራችሁ።

ዕድሜዬ 46 ነው፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ለእህቴ ልጅ ሠርግ ሱፍ ላሰፋ ሄጄ ልብስ ሰፊው ሜትሩን ሆዴ ላይ አዞረና «104» ብሎ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ቁጥሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ወንድ ወገቡ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለስኳርና ለልብ በሽታ የመጋለጥ ዕድሉ ይጨምራል፤ ከ102 ሲያልፍ ደግሞ በጣም ይብሳል። ለሴት ቁጥሮቹ 80 እና 88 ናቸው። ጉበትና አንጀት ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው የከፋ ስለሆነ ነው።

በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ ማስታወቂያ መጣልኝ። በ21 ቀን የሚታይ ለውጥ፣ የ12 ሳምንት ክትትል፣ የግል አሰልጣኝ፣ ውጤት ከሌለ ገንዘብ ተመላሽ። ዋጋው 3,500 ብር። በቴሌብር ላክሁ። ተቀባዩ ድርጅት ሳይሆን የአንድ ግለሰብ ስም ነበር። እዚያ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ።

የመጣልኝ 14 ገጽ ፒዲኤፍና አስተዳዳሪው ብቻ የሚጽፍበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው። የምግብ ዝርዝሩን ስከፍተው ቁርስ ኪኖዋ፣ ምሳ ሳልመን፣ እራት ብሮኮሊ ይላል። እኛ ጋ አሞራ ገደል፣ የዓሣ ገበያው ብትወርዱ የምታገኙት ከሐይቁ የወጣ ትኩስ ቆሮሶ ነው። አቮካዶው ከደጃችን ነው የሚመጣው። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ቆጮ የሚል ቃል ግን አንድ ገጽ ላይ እንኳ የለም። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፤ ወረቀቱ በቀን ሁለት እንቁላል ብላ ይላል። አሰልጣኝ የተባለውን ልጅ በውስጥ መስመር ስጠይቀው «ፕሮግራሙን ብቻ ተከተል» አለኝ። ከዚያ በላይ ምክር አላገኘሁም።

ልብ በሉ፤ እስከዚህ ድረስ ግፊት አለህ ወይ፣ ስኳር አለህ ወይ፣ የምትወስደው መድኃኒት አለ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የጠየቁኝ ሆዴን ገልጬ የተነሳሁትን ፎቶ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት «ሁለተኛው ደረጃ» መጣ። ስብ የሚያቀልጥ ሻይና ወገብ ላይ የሚታሰር ቀበቶ፣ 2,800 ብር። ካልገዛህ ገንዘብ ተመላሹ አይሠራም ተባልኩ። ሻይው በባጃጅ ተላከልኝ። ፓኬቱ ላይ ቅጠልና ቀጭን ወገብ ተሥሏል። የአምራች ስም፣ የይዘት ዝርዝር፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀን የሚባል ነገር የለበትም።

ማታ ጠጣሁት፤ ሌሊቱን ሽንት ቤት አደርኩ። በስድስት ቀን ሚዛኑ 3 ኪሎ ቀነሰ። ደስ ብሎኝ የሚዛኑን ፎቶ ላክሁ፤ ወዲያው ግሩፑ ላይ «ምስክርነት» ተብሎ ተለጠፈ። በማግስቱ ሱፌን ልለካ ልብስ ሰፊው ጋ ሄድኩ። ሜትሩን አዞረ፣ ደብተሩን ገለጠ፣ ከመጀመሪያው ቁጥር ሥር ያንኑ ቁጥር ጻፈ። 104።

የወጣው ውኃ ነበር። የሚያስቀምጥ ሻይ ውኃና ጨው ያስወጣል እንጂ ስብ አይነካም። ቀበቶውም ያላበኛል፤ ላብም ውኃ ነው። ሻይውን ስተው ኪሎው በሦስት ቀን ተመለሰ።

የተውኩትም ወድጄ አይደለም። ቢሮ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታ ጀመር፤ ዓይኔ ጭልም አለብኝ። ማታ ጎረቤታችን ሲስተሯ መጥታ ግፊቴን ለካች፤ ወርዷል። ፓኬቱን አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ነው ይህን የሚጠጡት?» አለችኝ። የምወስደው ውኃ የሚያሸና ኪኒን ነው። በዚያ ላይ ተቅማጥ ሲጨመር ሰውነት ጨው ያጣል፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል።

ሌላም የነገረችኝ አለ። ሲቡትራሚን የሚባል ክብደት መቀነሻ መድኃኒት ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ ያስከትላል ተብሎ በ2010 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ «ተፈጥሯዊ» በተባሉ ክብደት መቀነሻዎች ውስጥ ሳይጻፍ ተቀላቅሎ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ይዘቱ ያልተጻፈበትን ፓኬት የምፈራው ለዚህ ነው።

ብሬን ስጠይቅ «84ቱንም ቀን ቪዲዮ አልላክህም» አሉኝና ብሎክ አደረጉኝ። ይህ ቅድመ ሁኔታ ስከፍል የትም አልተጻፈም ነበር።

ስለ «በፊት እና በኋላ» ፎቶዎቹም ልንገራችሁ። መስታወት ፊት ሆዴን ለቅቄ ተነሳሁ። ከዚያ ትከሻዬን ከፍ አድርጌ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ ተነሳሁ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የእነሱን የመሰለ ፎቶ ወጣ። እናንተም ሞክሩት።

በኢንተርኔት የሚሰጥ ፕሮግራም ሁሉ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ውጤቱ የወጣ ትልቅ ጥናት አለ። ለስኳር በሽታ የቀረቡ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። ግቡ ከክብደት 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ ነበር። ይህን የአኗኗር ለውጥ የተከተሉት በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ያው ትምህርት ዛሬ በኢንተርኔትም ይሰጣል። አንድ ዓመት ይፈጃል፤ የሚያውቅህ አሰልጣኝ አለው፤ ምን በላህ፣ ስንት ደቂቃ ሄድክ ይልሃል። ሻይ አይሸጥም። ከሆድ ብቻ ስብ አነሳለሁ ብሎም ቃል አይገባም፤ ስብ ከመላ ሰውነት ነው የሚቀንሰው፣ ቦታ አይመረጥለትም።

ስለዚህ ሻጩን ከመክፈላችሁ በፊት አናግሩት። ስለ ጤናችሁ ካልጠየቀ፣ የንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ስትሉት ከተቆጣ ተዉት። አሳሳች ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፤ ግን ደረሰኝ ከሌላችሁ አቤቱታውን ማስረዳት ከባድ ነው። እኔ በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው። የላካችሁትን ሁሉ ስክሪንሹት አንሱ፤ ብሎክ ከተደረጋችሁ በኋላ ላታገኙት ትችላላችሁ።

ይህን ሻይ አሁንም የምትጠጡ ካላችሁ፣ በተለይ የግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስዱ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። ሐኪም ያዘዘላችሁን ኪኒን ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ልብ መምታት ወይም ማዞር ካለባችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ፓኬቱንም አትጣሉት፤ ይዛችሁት ሂዱና አሳዩአቸው።