ለማራው ሾፌሬና ለአራት ኪሎው ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ሳሎኔ ግድግዳ ላይ አንዲት አቦሸማኔ አለች። ኩይሳ ላይ ቆማ አፏን በሰፊው ከፍታ ታዛጋለች። ከጎኗ አፍንጫዋ ላይ ጠባሳ ያላት እንስት አንበሳ ተሰቅላለች። ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ «በምን ካሜራ ነው ያነሳሽው?» ይለኛል። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ ስለ ሁለት ሰዎች ማውራት እጀምራለሁ። በቃል ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

አንደኛው ኬንያ ውስጥ ማሳይ ማራ በሚባለው የዱር እንስሳት ፓርክ የሚሠራ ሾፌርና አስጎብኚ ነው። ሁለተኛው እዚህ አዲስ አበባ ፎቶ የሚያትሙ አባት ናቸው። ሁለቱም ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ።

ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ነው። ያደግኩት ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው፤ ሌሊት ሌሊት የአንበሳ ግቢ አንበሶች ሲያገሱ እየሰማሁ። ጥቁር ጎፈር ያላቸውን እነዚያን አንበሶች ከትምህርት ቤት ስመለስ በብረት ፍርግርግ መሃል አያቸው ነበር። አንድ ቀን ብረቱ በመሃላችን ሳይኖር አንበሳ አነሳለሁ ብዬ ለራሴ ቃል የገባሁት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ግን አልሆነም። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዊልደቢስት የሚባለው የቆርኬ ዘመድና የሜዳ አህያው ከታንዛኒያው ሰረንጌቲ በሚሻገርበት ወቅት ነበር የሄድኩት። የወሰደኝን ድርጅት ስም አልጠራም። አንዲት አቦሸማኔ ሣር ውስጥ ተለጥፋ ሚዳቋዎች ላይ አነጣጥራለች። ዙሪያዋን መኪና ነው። አስራ ዘጠኝ ቆጠርኩ። የእኛም ሾፌር መሃል ገባ። ሚዳቋዎቹ ደነበሩ፣ እሷም ተነስታ ሄደች። አቦሸማኔ በቀን የምታድነው ከአንበሳና ከጅብ ለመሸሽ ብላ ነው። ቱሪስት የሚርመሰመሰውም በዚያው ሰዓት ነው። ያን ቀን 400 ያህል ፎቶ አንስቼ ነበር። አንዱንም ዛሬ ማየት አልፈልግም።

ባለፈው የካቲት ሁለተኛ ሞከርኩ። ናይሮቢ የሚኖር ጓደኛዬ ነው ከዚህ ሾፌር ጋር ያገናኘኝ። ከማሳይ ብሔረሰብ ነው፣ ተወልዶ ያደገውም እዚያው ማራ ነው። ናሮክ ከተማ ስንደርስ መኪናውን አቁሞ ሱቅ ገባ። ሦስት ኪሎ ባቄላ ይዞ ወጣ። ባቄላውን ከጨርቅ ከረጢት ውስጥ ጨምሮ አፉን ሰፋውና ሰጠኝ። መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፣ ሌንሱ ይተኛበታል። ናይሮቢ የተከራየሁት ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ (150-600) ክንዴን ሊገነጥለው ነበር፤ ባቄላው ላይ ሲያርፍ ግን እንደ ድንጋይ ረጋ። ስንመለስ ባቄላውን ለቤቱ ወሰደው።

ማታ ሲለየኝ በስዋሂሊ «ኬሾ ሳ ኩሚ ና ምቢሊ» አለኝ። ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደ እኛው ነው፣ የንጋት አንድ ሰዓት ለእነሱም አንድ ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ስድስት ሲሉኝ ስደናበር ለከረምኩት ለእኔ ይህ ትልቅ እረፍት ነበር። የፓርኩ በር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲከፈት እኛ ደጁ ላይ ነበርን።

አቦሸማኔዋን ያገኘናት አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። ኩይሳ ሥር ጋደም ብላለች። እኔ «ጠጋ በል» አልኩት፣ በሰርግ ልማዴ። እሱ ግን መኪናውን ወደ ኋላ መለሰው። ፀሐይዋን ከጀርባችን አድርጎ፣ ከእሷ 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ ሞተሩን አጠፋ። ሞተር ካልጠፋ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ በረጅም ሌንስ ያነሱት ሁሉ ይደበዝዛል። ከዚያ ቴርሞሱን ከፍቶ ሻይ ቀዳልኝ።

አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ጠበቅን። ምንም የለም። ጆሮዋ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ተስፋ ቆርጬ ስልኬን ሳወጣ ክንዴን ነካ አደረገኝ። «አዛጋች» አለኝ። «ሁለቴ ካዛጋች ትነሳለች።» ካሜራዬን አየና ሻተሩን፣ ማለትም ካሜራው ፎቶ የሚያነሳበትን ፍጥነት፣ ከ1/500 ወደ 1/2000 ሰከንድ እንዳወጣው ነገረኝ። ለተኛች አቦሸማኔ ቀርፋፋው ይበቃል፣ ከተነሳች ግን ለማስተካከል ጊዜ አትሰጥም። ሩጫዋ ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ተነሳች። ኩይሳው ላይ ወጣች። ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ለሦስተኛ ጊዜ አዛጋች። ከዓይኗ ወደ አፏ የሚወርደው ጥቁር መስመር፣ የምላሷ ሸካራነት፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ወዲያው ሌሎች መኪኖች መምጣት ጀመሩ። የፓርኩ ደንብ አንድ እንስሳ አጠገብ ከአምስት መኪና በላይ እንዳይቆም ይላል። ስድስተኛዋ ስትመጣ ሾፌሬ ሞተሩን አስነሳ። «እኛ አይተናል፣ ተራው የእነሱ ነው» አለኝ። ደሜ ፈላ። አደኑን እንዳላይ አደረገኝ ብዬ ግማሽ መንገድ አላናገርኩትም። አመሻሽ ላይ ባለ ጠባሳዋን አንበሳ ስናገኝ እዚያ ሥፍራ የነበርነው እኛ ብቻ ነበርን። ዓይኗ ውስጥ ሰማዩ እስኪታየኝ ድረስ ጊዜዬን ወስጄ አነሳኋት። ይቅርታ ጠየቅኩት። ሳቀ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ካሜራዬን እንዳስቀምጥ ያደርገኝ ነበር። መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል። ከሩቅ የሚነሳ ፎቶ ምንም ሌንስ ቢያዝ አይጠራም። ይህን የሚነግር አስጎብኚ ብርቅ ነው።

ግልገል ያላት አቦሸማኔ ስናገኝ ደግሞ ስልኬ ላይ ያለውን ሎኬሽን እንዳጠፋ ጠየቀኝ፤ ያለችበትን ቦታም እንዳልለጥፍ። ይህ ነገር ለእኛ ቅርብ ነው። የአቦሸማኔ ግልገሎች ከእኛው ቀጠና፣ ከምሥራቅ ኢትዮጵያም ጭምር፣ በሶማሌላንድ በኩል ወደ ዓረብ አገራት በድብቅ ይወሰዳሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይሞታሉ። ፎቶ ለጣፊዎች ሆይ፣ እባካችሁ ሎኬሽን አጥፉ።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። በልጅነታቸው ፒያሳ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ያጥቡ ነበር። አሁን አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል ትልልቅ ፎቶ ያትማሉ። የአንበሳዋን ፎቶ ኤዲት አድርጌ፣ ኮርቼ ነው የወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ ይቺ አንበሳ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«ሙሽራ አስመስለሻታል። ዋናውን አምጪው እስቲ።»

ዋናውን ከፈትኩላቸው። ጠባሳዋን እንደ ብጉር አጥፍቼዋለሁ። ፊቷን አለስልሼዋለሁ። ጢሟ ሥር ያሉት ጥቃቅን ነጠብጣቦች አብረው ጠፍተዋል። እኔ አላስተዋልኩም ነበር። ጋሼም አንበሳ አጥኚ አይደሉም፣ ፊት ግን ያውቃሉ። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፦ ተመራማሪዎች አንዷን አንበሳ ከሌላዋ የሚለዩት በእነዚያው የጢም ነጠብጣቦች፣ በጆሮ ቅዳጅና በጠባሳ ነው። አቦሸማኔ ደግሞ በቆዳዋ ነጠብጣብና በጅራቷ ቀለበት ትታወቃለች። ያን ፎቶ አንድ ተመራማሪ ቢያገኘው ማንነቷን ማወቅ አይችልም ነበር።

አጠገባቸው አስቀምጠው ከዜሮ አስጀመሩኝ። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም የጨመርኩትን ቢጫ ሲያዩ «ሣሩ እርድ በዝቶበታል» ብለው አወረዱት። ፎቶው የተነሳው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፣ ጥላው ሰማያዊ መሆን አለበት አሉ። ዓይኗን አብርቼ የነበረውን መለሱት። ብርሃኑ ሲያንስ ስለተነሳ የመጣውን ግሬይን (ፎቶው ላይ እንደ አሸዋ የሚታየውን) ሁሉንም ላጠፋ ስል ከለከሉኝ። ከልክ በላይ ከጸዳ ጸጉሩ ላስቲክ ይመስላል። የፎቶውን ዳር ስቆርጥም «ሣሩን ተይላት፣ ቤቷ ነው» አሉኝ። መጨረሻ ላይ የስክሪኑን ብርሃን ቀነሱት። ስክሪን ላይ ደምቆ የሚታይ ነገር ወረቀት ላይ ይጨልማል። መጀመሪያ የመዳፍ ያህል ቁራጭ አትመው መስኮት አጠገብ አዩት፣ አስተካከሉ፣ እንደገና አተሙ። ሦስተኛው ላይ ነው «አሁን ይሁን» ያሉት። የሁለቱን ቁራጭ ዋጋ አልተቀበሉኝም።

ማራ ለመሄድ ለምታስቡ፦ ከ2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የመግቢያ ዋጋ በፈረንጆቹ ከጃንዋሪ እስከ ጁን በቀን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ነው። የድመት ዘሮቹን ብቻ ከፈለጋችሁ በርካሹ ወቅት ሂዱ። አንበሳውም ነብሩም አቦሸማኔውም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው፣ መኪናው ግን ያንሳል። ሾፌሬ መጀመሪያ የነገረኝን ዋጋ ነው መጨረሻ ላይ የከፈልኩት፣ አንድ ሽልንግ አልጨመረም። ቀድማችሁ ያዙት፣ በአንድ ጊዜ ከሦስት ሰው በላይ አይጭንም። ጋሼ ጋ ደግሞ ጠዋት ሂዱ፣ ካሜራው ያወጣውን ያልተነካ ዋና ፋይል (ሮው የሚባለውን) ይዛችሁ።

የታተመውን ፎቶ በስልኬ አንስቼ ለሾፌሬ ላክሁለት። ማታውን በድምፅ መለሰልኝ። አፍንጫዋን አይቶ አውቋታል። እኔ ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ግልገል ወልዳለች።