አዲስ ላፕቶፕ ፎርማት ይደረግ? ከተደረገስ በየትኛው መንገድ?

አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ዘመድ ሳምንት ሳይሞላው ደውሎ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፎርማት ላስደርገው እንዴ?» የስክሪኑ ላስቲክ እንኳ ገና አልተላጠም። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ግን የ30 ቀን ነጻ ጸረ ቫይረስ «ቀኔ እያለቀ ነው፤ ክፈሉ» እያለ ይነዘንዛል። ማንም ያላዘዛቸው ጨዋታዎች ተሰልፈዋል፤ የአምራቹ «ረዳት» ፕሮግራምም ረዳትነቱን በየሰዓቱ ያስታውሳል። አዲስ ቤት ተከራይተው ሲገቡ የቀድሞው ተከራይ ዕቃ ሳሎኑን ሞልቶት እንደማግኘት ነው።

መልሴ «አዎ» ነው። ክርክሩ «እንዴት» በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ ንጽሕና ወዳድነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የኮምፒውተር አምራቹ ሌኖቮ ለቤት ተጠቃሚ በሚሸጣቸው አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሱፐርፊሽ የሚባል የማስታወቂያ ፕሮግራም ጭኖ ያወጣ ነበር። ፕሮግራሙ በተመሰጠሩ ድረ ገጾች ላይ ሳይቀር ማስታወቂያ ለመለጠፍ ሲል የራሱን የደኅንነት ምስክር ወረቀት (ኮምፒውተሩ አንድ ድረ ገጽ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጥበትን ዲጂታል ማኅተም) ዊንዶውስ ውስጥ ይተክል ነበር፤ የዚያ ምስክር ወረቀት ምስጢራዊ ቁልፍ ደግሞ በሁሉም ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ቁልፉን ያወጣ ሌባ በካፌ ዋይፋይ ላይ የባንክዎን ገጽ መስሎ ሊቀርብ ይችል ነበር ማለት ነው። ጉዳዩ በ2015 መጀመሪያ ላይ ይፋ ወጣ፤ ኩባንያውም በ2017 ከአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር ስምምነት ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ላፕቶፕ ከካርቶን ሲወጣ ንጹሕ ነው ብዬ አላምንም።

አንድ በአንድ ማራገፍ

ቀላሉ ይህ ነው። «ሴቲንግስ» ገብቶ የማይፈለገውን ፕሮግራም እየመረጡ ማስወገድ። ኢንተርኔት አይበላም፣ ፍላሽ አይጠይቅም፣ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። የሙከራ ጸረ ቫይረሱ ሲወገድ የዊንዶውስ የራሱ መከላከያ ያለ ማንም ትእዛዝ ሥራውን ይረከባል፤ «ያለ ጸረ ቫይረስ እቀራለሁ» ብሎ መስጋት አያስፈልግም።

ጉድለቱ ግን ከላይ ባነሳሁት ታሪክ ውስጥ አለ። ሱፐርፊሽን ያራገፉ ሰዎች ፕሮግራሙ ሲሄድ ምስክር ወረቀቱ እዚያው እንደቀረ ያወቁት ዘግይተው ነው። ማራገፍ የሚያጠፋው የሚታየውን ነው። ለኢሜይልና ለቪዲዮ ብቻ ለሚፈልገው ሰው ይበቃል፤ የባንክ ሥራ ለሚሠራበት ግን አልመክረውም።

ላፕቶፑ ራሱን እንዲያድስ ማድረግ

«ሴቲንግስ» ውስጥ «ሲስተም»፣ ቀጥሎ «ሪከቨሪ» የሚለው ጋ ኮምፒውተሩን ከመነሻው የሚያስጀምር ቁልፍ አለ። ፋይል እንዲያስቀር ወይም ሁሉንም እንዲያጠፋ ይጠይቃል፤ አዲስ ላፕቶፕ ላይ የሚቀር ነገር ስለሌለ ሁሉንም ይጥፋ ማለት ነው። ከዚያ ሁለት አማራጭ ያቀርባል። አንዱ እዚያው ዲስኩ ላይ ካለው ፋይል ዊንዶውስን መልሶ ይገነባል። ሌላው ከማይክሮሶፍት ትኩሱን ያወርዳል፤ ይህኛው ከ4 ጊጋባይት በላይ ዳታ ይወስዳል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይህ ቁጥር ብር ነው፤ ካርድ ሲያልቅ መሃል መንገድ ላይ እንዳይቆም አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም ድራይቨሮቹ፣ ማለትም ዊንዶውስን ከላፕቶፑ ክፍሎች ጋር የሚያግባቡት ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አለመጥፋታቸው ነው። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የጣት አሻራው እንደነበሩ ይቀጥላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ከማይክሮሶፍት ካወረድኩት የአምራቹ ጭማሪ በሙሉ ይጠፋል» ብሎ ሲያስብ ነው። አይጠፋም፤ ቢያንስ ዋስትና የለውም። በብዙ ላፕቶፖች ላይ «በፋብሪካ የተጫኑት ፕሮግራሞች ይመለሱ?» የሚል ማብሪያና ማጥፊያ ከተጨማሪ ምርጫዎቹ ሥር ተደብቆ ይገኛል። እሱን ሳያጠፉ ከጀመሩ አንድ ሰዓት ጠብቀው ያንኑ የቀድሞ ተከራይ ዕቃ ሳሎን ውስጥ ያገኙታል።

በፍላሽ ከዜሮ መጫን

እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ ጣጣውንም ሳልደብቅ።

የሚያስፈልገው 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ እና ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው የመጫኛ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ፍላሹ ላይ ያለ ፎቶ ሁሉ ይጠፋል፤ የልጆች ልደት ያለበትን አይጠቀሙ። ላፕቶፑ ሲነሳ በዴልና በሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ሲጫን ከፍላሹ እንዲነሳ መምረጥ ይቻላል። ዲስኩ በክፋዮች ተከፍሎ የሚታይበት ገጽ ሲመጣ ክፋዮቹን ሁሉ ሰርዞ «ያልተመደበ ቦታ» የሚለው አንድ መስመር ብቻ እስኪቀር ማጽዳት ነው። ከዚያ በኋላ የአምራቹ ማገገሚያ ክፋይም ስለሚሄድ ወደ ፋብሪካው ሁኔታ መመለስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የማገገሚያ ፍላሽ ያዘጋጅ።

«የዊንዶውስ ፈቃዱስ አይጠፋም?» የሚለው ስጋት መልስ አለው። ከዊንዶውስ 8 ማለትም ከ2012 ጀምሮ ከነዊንዶውሱ የሚሸጥ ላፕቶፕ የፈቃድ ቁልፉ ማዘርቦርዱ (የላፕቶፑ ዋና ሰሌዳ) ላይ ተጽፎ ነው የሚመጣው። መጫኛው ራሱ ያነበዋል፤ ሳይጠይቅዎት ያልፋል። ዲስኩ ቢቀየር እንኳ ቁልፉ እዚያው ነው።

ጣጣው ሁለት ቦታ ይጠብቃል። የመጀመሪያው 11ኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ የመጣ ኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው ብዙ ላፕቶፖች ላይ መጫኛው ዲስኩን ጨርሶ አለማየቱ ነው። ሰው ዲስኩ የሞተ ይመስለዋል። የሚጎድለው የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ብቻ ነው፤ ከአምራቹ ገጽ አስቀድሞ አውርዶ ፍላሹ ላይ ማስቀመጥና «ድራይቨር ጫን» በሚለው በኩል ማሳየት ነው። ሁለተኛው ዋይፋይ ነው። ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ አዲሱ ዊንዶውስ ደግሞ የላፕቶፑን ዋይፋይ ላያውቀው ይችላል። ያለ ኢንተርኔት አያልፍም፣ ያለ ድራይቨር ኢንተርኔት የለም። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ሌሊት ተቀምጬ ካደርኩ በኋላ የተማርኩት ዘዴ አለ፦ የአንድሮይድ ስልክን በቻርጀር ኬብሉ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ ኢንተርኔቱን በኬብል ማካፈል። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ይህም መንገድ ሁሉን ቻይ አይደለም። በዚያው በ2015 አንዳንድ የሌኖቮ ላፕቶፖች ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ጸድቶ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላም የኩባንያውን ፕሮግራም መልሰው ሲተክሉ ተገኝተዋል፤ ፕሮግራሙ ይመጣ የነበረው ከዲስኩ ሳይሆን ከማዘርቦርዱ ውስጥ ነበር። ኩባንያው በኋላ ማስተካከያ አወጣ። ስለዚህ ከተጫነ በኋላ ከአምራቹ ገጽ የመጨረሻውን የባዮስ (ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም) ማሻሻያ መውሰድ የሥራው አካል ነው።

ዲስኩን በዜሮ መሙላት ወይም በተደጋጋሚ መጻፍ ይመከራል የሚል ቢያገኙ ይለፉት። 35 ጊዜ መጻፍ የሚለው ልማድ የመጣው የኮምፒውተር ተመራማሪው ፒተር ጉትማን በ1996 ስለ ጥንቶቹ ዲስኮች ካወጣው ጽሑፍ ነው፤ እሱ ራሱ ለዘመኑ ዲስክ ትርጉም እንደሌለው ጽፏል። አዲስ ኤስኤስዲ (የዛሬ ላፕቶፖች ፈጣን ዲስክ) ላይ የሚደበቅ ምስጢር የለም፤ በከንቱ ዕድሜውን ማሳጠር ነው።

ሱቅ ወስዶ ማስጫን

ብዙው ሰው የሚያደርገው ይህን ነው፤ እኔም በግልጽ የምቃወመው ይህን ነው።

የአጎቴ ልጅ ሕጋዊ ዊንዶውስ 11 ሆም ያለበትን አዲስ ላፕቶፕ አንድ ሱቅ ወስዶ «አጽዱልኝ» አለ። ከፍሎ ሲወጣ ሕጋዊው ጠፍቶ ፈቃዱ የተሰበረ ዊንዶውስ ፕሮ ተተክቶለታል። ማለትም ከላፕቶፑ ዋጋ ጋር ቀድሞ የከፈለበትን ነገር ገንዘብ ጨምሮ አስጣለ። እንዲህ ዓይነቱን ለማወቅ «ሴቲንግስ» ውስጥ የፈቃድ ማግበሪያውን ገጽ ማየት ነው። ፈቃዱ በድርጅትዎ የማግበሪያ አገልግሎት በኩል የነቃ ነው የሚል ጽሑፍ ካዩና እርስዎ ድርጅት ከሌለዎት ነገሩ ግልጽ ነው። ፈቃድ መስበሪያው ፕሮግራም ደግሞ እንዲሠራ ጸረ ቫይረሱን አጥፉ ይላል፤ ምን ይዞ እንደገባ የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰ፣ ብዙ የማይወራ አደጋም አለ። በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 እትምና ከእሱ በኋላ ያሉት ከዜሮ ሲጫኑ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ዲስኩን ራሳቸው ያመሰጥራሉ፤ 48 አኃዝ ያለውን የማስከፈቻ ቁልፍም ወደ ማይክሮሶፍት አካውንቱ ይልካሉ። የማን አካውንት? ሠራተኛው ለፍጥነት በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ከሆነ የፋይልዎ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ነው። ከዓመት በኋላ ማዘርቦርዱ ሲጠገን ላፕቶፑ ያንን ቁጥር ቢጠይቅ ለማን ይደውላሉ?

«የአማርኛ መጻፊያ የሚያስገቡልኝ እነሱ ናቸው» የሚለው ምክንያት ይገባኛል። ዊንዶውስ ግን የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከቋንቋ ምርጫው ላይ ይጨመራል። ኤብሪማ የተባለው ፎንቱ (የፊደል ቅርጹ) የግዕዝን ፊደል ያሳያል፤ ኒያላ የተባለው ፎንትም ከተጨማሪዎቹ መካከል ይወርዳል። የሚያስቸግረው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትን ሁሉ ኮምፒውተር የሚያውቅበት የጋራ መዝገብ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ሰነድ ነው። ለእሱ የድሮውን ፎንት ከአሮጌው ኮምፒውተር ቀድቶ ማምጣት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ነው የሚከፈተው።

ሱቁ ዊንዶውስ 10 እጭናለሁ ካለ ደግሞ እምቢ ይበሉ። መደበኛ ድጋፉ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ዊንዶውስ የሌለው ላፕቶፕ

ገበያ ላይ አንዱ ላፕቶፕ ከመንታ ወንድሙ ረክሶ ካገኙት በዊንዶውስ ፋንታ ፍሪዶስ የሚባል ነጻ ሥርዓት የተጫነበት ሊሆን ይችላል፤ ማዘርቦርዱ ላይ ቁልፍ የለም ማለት ነው። የተሰበረ ዊንዶውስ ለመጫን አስበው ከሆነ ርካሽነቱ አያታልልዎት። ጽሑፍ፣ ኢንተርኔትና ቪዲዮ ከሆነ ሥራዎ ግን ዊንዶውስን የሚተካው ኡቡንቱ 24.04 በነጻ ይሠራልዎታል፤ 5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ አለው፣ ከመጫንዎ በፊትም ከፍላሹ ላይ አስነስተው ዋይፋዩና ድምፁ መሥራታቸውን መሞከር ይችላሉ። የሒሳብ ሥራ ፕሮግራምዎ ዊንዶውስ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ ወደዚህ አይሂዱ።

አንድ ነገር ከመክፈል በፊት። «አዲስ ነው» ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ አንዳንዴ ውጭ አገር ያለ ድርጅት ተጠቅሞ ያስወገደው ሆኖ ይገኛል። ድርጅቱ ላፕቶፑን ከመዝገቡ ካልሰረዘው ከዜሮ ተጭኖ ኢንተርኔት ሲያገኝ የዚያን ድርጅት ስም አውጥቶ የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል፤ ሱቁ ያለ ኢንተርኔት ስለጫነው እዚያ አይታይም። ስለዚህ ለሻጩ «ዛሬ ማታ ከዜሮ እጭነዋለሁ፤ የድርጅት ስም ካመጣ ነገ እመልሳለሁ» ይበሉትና ቃሉን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስጽፉት።