መጀመሪያ ኬዙን ይክፈቱት፦ አዲስ አበባ ላይ ግራፊክስ ካርድ ስንፈልግ

ጥር ላይ አገር ቤት ነበርኩ። የእህቴ ልጅ ፎቶ አንሺ ነው። ሳሪስ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ የሰርግ፣ የመልስና የምርቃት ፎቶ ያስተካክላል። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ልጁ እንቅልፍ የለውም። ከመሄዴ በፊት በደወልን ቁጥር የሚለኝ አንድ ነገር ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ኮምፒውተር ሊገድለኝ ነው። ግራፊክስ ካርድ ይዘህልኝ ና።»

ያዝኩለት። ግራፊክስ ካርድ ማለት ምስሉን የሚሠራው የኮምፒውተር ክፍል ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። እዚያ ያገለገለ ግን ደህና የሆነ አርቲኤክስ 3060፣ ባለ 12 ጊጋ፣ ገዛሁና በሹራብ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት። ካርዱ ትልቅ ከሆነ ይበቃል ብዬ ነበር። ስለ ኮምፒውተሩ ግን አንድም ነገር አልጠየቅኩትም።

ኮምፒውተሩ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፤ ረዘም ያለው ዓይነት። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ሆኖ ከርሞ ሲሸጥ የገዛው ነው። ኮር አይ 5 4590 ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋ ራም (የተከፈተው ሥራ የሚቀመጥበት ጊዜያዊ ማህደር)፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አለው። በደረስኩበት ማታ ከፈትነው። 3060ው ቦታው ላይ ልክ ገባ። ግን ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ የዴሉ ፓወር ሰፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ደግሞ እንዲህ ያለ ገመድ ጭራሽ የለውም። የልጁ ፊት ሲለዋወጥ አየሁት። «ችግር የለም ጋሼ» ብሎ ኬዙን ዘጋው። ሌላ ምንም አላለም። አንጀቴን በላኝ።

በማግስቱ ቦሌ አካባቢ አንድ ትልቅ ሱቅ ገባን። ሻጩ የኮምፒውተሩን ሞዴል እንኳን ሳይጠይቅ ባለ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ አወጣ። «ይገጥማል?» አልነው። «ለሁሉም ይገጥማል» አለን። አልገጠመም። ይህ ዴል ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይ ያለው የኃይል መሰኪያ እንደ ሌላው ኮምፒውተር ባለ 24 ፒን ሳይሆን የራሱ የሆነ ባለ 8 ፒን ነው፤ ያለ ማገናኛ ገመድ ተራ ፓወር ሰፕላይ አይሰካለትም። ልንመልስ ስንሄድ «ካርቶኑ ተከፍቷል» አሉን። አንድ ሰዓት ሙሉ ተከራክረን ብሩን ቀንሰው መለሱልን። አቀባበላቸው ጥሩ ነው፣ ሱቁ ንጹሕ ነው፣ ቡናም ይጋብዛሉ። ግን የሚሸጡት ዕቃ የት እንደሚገባ ለማወቅ አልፈለጉም። እኔ ሱቅን የምመዝነው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መገናኛ፣ አንድ ሕንጻ ላይ፣ ፎቅ ወጥቶ፣ ከመታጠቢያ ቤት የማትሰፋ የጥገና ቤት አለች። የልጁ ጓደኛ ነው የጠቆመን። ራይድ ጠርተን ኮምፒውተሩን የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶ አስረንለት ሄድን። ጠጋኙ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። የምርመራውን ዋጋ ገና ሳይነካው ነገረን፤ ከአንድ ምሳ አይበልጥም። ካርዱን ሳሳየው አልነካውም። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መጀመሪያ ሥራ ላይ ልየው» አለኝ።

ልጁን «ትናንት የሠራኸውን ሰርግ ክፈት፤ እንደ ሁልጊዜው ሥራ» አለው። እሱ ሲሠራ ታስክ ማናጀርን፣ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን መስኮት፣ ከጎን ከፈተ። ራሙ 96 በመቶ። ዲስኩ 100 በመቶ፤ ከዚያም ንቅንቅ የለም። በያዘው ዊንጣ መፍቻ ቁጥሩን እየጠቆመ «አየህ? ራሙ ሲሞላ ፎቶሾፕ የተረፈውን ዲስክ ላይ ይዘረግፈዋል። ዲስክህ ደግሞ ይህን አይችልም። አንተ የምትጠብቀው ካርድ አይደለም፤ ይሄንን ነው» አለው። እኔና ልጁ ተያየን። ለወራት ስናወራ የነበረው ስለ ካርድ ብቻ ነው።

ካርድ አያስፈልግም ግን አላለም። የፎቶሾፑን ማስተካከያ ከፍቶ አሳየን፦ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለችውን አሮጌ ግራፊክስ አዲሱ ፎቶሾፕ አይቀበላትም። ስለዚህ ፎቶ አጉልቶ ሲገፉት የሚንቀጠቀጠው፣ አንዳንድ ማጣሪያዎችም ደብዝዘው አልነካ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ካርድ ያስፈልጋል፤ ትልቅ ካርድ ግን አያስፈልግም። ማዘርቦርዱ በካርዱ መሰኪያ በኩል የሚሰጠው ኃይል ቢበዛ 75 ዋት ነው። የእኔ 3060 ግን 170 ዋት ይበላል፤ የዴሉ ፓወር ሰፕላይ በጠቅላላው 290 ዋት ነው። ከዚያ በወረቀት ቁራጭ ላይ ሦስት የካርድ ስም ጻፈ፦ 1050 ቲአይ፣ 1650፣ እና 3050። ከመጨረሻው ጎን «6 ጊጋ» ብሎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ባለ 8 ጊጋው 3050 130 ዋት ስለሆነ ገመድ ይፈልጋል፤ ባለ 6 ጊጋው ግን 70 ዋት ብቻ ነው። ያቺ መስመር ለሁለተኛ ጊዜ ከመሳሳት አዳነችን። ወረቀቷ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለች።

በዚያው ቀን ሁለት ባለ 8 ጊጋ ራም ጨመረለት፤ ከነባሩ ጋር 24 ጊጋ ሆነ። ዊንዶውሱን ከነፎቶሾፑ ሳያጠፋ ወደ 480 ጊጋ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር፣ ፈጣን ዲስክ) አዛወረው። አቧራውን በብሎወር ነፋ፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ጠርጎ አዲስ ቀባ። ሲያስከፍለን የራሙን፣ የኤስኤስዲውንና የጉልበቱን ዋጋ ለየብቻው ጻፈልን። በቴሌብር ከፈልን። ማታ ቤት ገብተን ስንከፍተው፣ ገና ካርድ ሳይገባለት፣ ልጁ «ይሄ የእኔ ነው?» አለ።

ካርድ ፍለጋው ሁለት ቀን ፈጀ። ብር ከዶላር ጋር ያለው ዋጋ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ነው። እኔ በዶላር ሳስበው «ደህና ነው» የምለው ዋጋ ለልጁ የስንት ሰርግ ድካም ነው። ከውጭ የምንመጣ ሰዎች ይህን ልንረሳው የሚገባን አይመስለኝም፤ እኛን ሲያዩ ዋጋ የሚጨምሩም አሉ። ስለዚህ ዋጋ ሲጠየቅ እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቅ ነበር።

አንድ ሱቅ ያገለገለ 1050 ቲአይ በርካሽ አቀረበልን። ጠጋኙ ግን አስቀድሞ አስጠንቅቆናል፦ 1050 ቲአይ ተብሎ ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የስክሪን መሰኪያ ያለው ካርድ ካያችሁ ውጡ። የዚያ ትውልድ ቺፕ ቪጂኤ አያወጣም። ብዙ ጊዜ ስሙ በሶፍትዌር የተቀየረ፣ በጣም አሮጌ ካርድ ነው። ይህኛው ሰማያዊዋ የቪጂኤ መሰኪያ ነበረችው። «ሰክተን በጂፒዩ-ዚ እንየው» አልን፤ ይህች ነጻ ፕሮግራም የተጭበረበረውን ካርድ ለይታ ትናገራለች። ሻጩ «ከሰካችሁት ገዝታችሁታል» አለን። ወጣን። እውነተኛው 1050 ቲአይ ቢገኝም ዛሬ አልመክረውም። ሠሪው ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ማውጣቱን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ የሚደርሰው የደህንነት ማሻሻያ ብቻ ነው።

የገዛነው እዚያው መገናኛ፣ ከጥገና ቤቷ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ካለ ሱቅ ነው። ባለቤቷ ሴት ናት። ኮምፒውተሩን ይዘን እንድንመጣ ራሷ ነገረችን። 1650ንና ባለ 6 ጊጋውን 3050 ተራ በተራ ሰክታ፣ ልጁ በፍላሽ ይዞት በመጣው በአንድ ፎቶ አስሞከረችን። ፎቶው ማታ አዳራሽ ውስጥ የተነሳ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ነው። ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ነጠብጣቡን የሚያጠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው መሣሪያ 1650ው ላይ ከ3 ደቂቃ በላይ ወሰደ። 3050ው ላይ ከ1 ደቂቃ ትንሽ አለፈ። 3050ው ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተሠሩ ቴንሰር ኮር የሚባሉ ክፍሎች አሉት፤ 1650ው የለውም። ለቀን ፎቶና ለተራ ማስተካከል ብቻ ቢሆን 1650ውን ወስጄ ቀሪውን ብር ለልጁ እሰጠው ነበር። እሱ ግን ግማሹ ሥራው የምሽት ነው፤ በሻማና በአዳራሽ መብራት የሚነሳ ነው።

3060ውንም እሷው ተቀበለችን። ሰክታ ሞከረችው፤ በ3050ው ለወጠችንና ልዩነቱን በብር ሰጠችን። ሌላ ሱቅ ለ3060ው ያቀረበልን ዋጋ ከዚህ ግማሽ በታች ነበር። የሦስት ወር ዋስትና ከካርዱ መለያ ቁጥር ጋር ደረሰኙ ላይ ጻፈች። ደረሰኙን በስልኬ ፎቶ አንስቼዋለሁ፤ ወረቀት ይጠፋል።

ማታ ልጁ የአንዲት ሙሽራ ፎቶ ከፈተ። የሐበሻ ቀሚሷን ጥለት አጉልቶ፣ ክሩ አንድ በአንድ እስኪታይ ድረስ ቀርቦ፣ ከእጅጌዋ እስከ ዘርፏ ድረስ ዝም ብሎ ገፋው። አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ መልሶ ገፋው። ሦስቴ።

አንድ ነገር ሳንይዝ ቀርተን ነበር። የልጁ አሮጌ ስክሪን ያለው ቪጂኤ ብቻ ነው፤ አዲሱ ካርድ ደግሞ ቪጂኤ የለውም። ሴትየዋ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ማገናኛ ጨመረችልን። ለጊዜው ይሠራል፤ የስክሪኑ ቀለም ግን ወደ ቢጫ ያደላል፤ ለፎቶ ሥራ አይሆንም። የሚቀጥለው ጉዞ ዕቃ አዲስ ስክሪን ነው። ጠረጴዛውን በሜትር ለክቶ ስፋቱን እንዲልክልኝ፣ ከካርዱ ኋላ ያሉትንም መሰኪያዎች ፎቶ እንዲያነሳልኝ ነግሬዋለሁ። ፎቶው ትናንት ደርሶኛል።