ሞተርን ለአጭር ሰው ዝቅ ማድረግ፦ ስፖንጅ፣ ሞላ፣ ሊንክ ወይስ ሌላ ሞተር?

እግር መሬት የማያስነካ ሞተር ከኮምቦልቻ ይልቅ ደሴ ላይ ያስቸግራል። ሜዳ ላይ የጣት ጫፍ ከነካ ይበቃል። ደሴ ላይ ግን የሚያቆሙት ዳገት ላይ ወይም ወደ ቦዩ ባዘነበለ ኮብልስቶን ላይ ስለሚሆን በአንዱ በኩል ያለው መሬት ጎማው ከቆመበት በብዙ ዝቅ ይላል፤ ሞተሩም ወደዚያው ይጋደማል። ወደ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች፣ ወደ ደላንታ፣ ለጋምቦ ወይም ቦረና ለሥራ የሚወጣ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ ደግሞ ድንጋዩንና ጭቃውን ለማለፍ ያንኑ ከፍታ ይፈልገዋል። ስለዚህ ዝቅ ማድረጊያ ሲመርጡ መጠየቅ ያለበት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚያተርፍ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ክፍል እንደሚቆርጥ ጭምር ነው። ከመቀመጫው የተቆረጠ ምቾት ይቀንሳል፤ ከአሞርዛተሩ የተቆረጠ ግን መንገዱን ራሱን ይዘጋብዎታል።

ከመግዛት በፊት መለካት

የሚነዱበትን ጫማ አድርገው ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ይቁሙ። ጠንካራ መጽሐፍ በጭንዎ መካከል እስከሚቆም ከፍ አድርገው ከላይኛው ጠርዝ እስከ ወለሉ ያለውን ይለኩ። 78 ሴ.ሜ ቢሆን፣ የመቀመጫ ከፍታው 84 ሴ.ሜ ገደማ የሆነውን ያማሃ ኤክስ ቲ ዜድ 125 አይችሉትም ማለት አይደለም። በካታሎግ የተጻፈው ከፍታ ሰው ያልተቀመጠበት ነው፤ ሲቀመጡበት አሞርዛተሩ 4 ወይም 5 ሴ.ሜ ይወርዳል። በሌላ በኩል ወርደ ሰፊ መቀመጫ ጭንን ስለሚከፍት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይበላል። ቀጭን መቀመጫ ያለው ረጅም ሞተርና ሰፊ መቀመጫ ያለው አጭር ሞተር እግርን እኩል ሊያስነኩ የሚችሉት ለዚህ ነው። ቁጥር አንብበው ብቻ አይወስኑ፤ ሻጩ ሞተሩን ከመቆሚያው አውርዶ ይስጥዎትና ይቀመጡበት።

ሞላውን ማላላት

ይህ ገንዘብ አያስወጣም፤ ግን ለሁሉም አይሠራም። አጭር ሰው ብዙ ጊዜ ቀላልም ነው፤ ፋብሪካው ያጠበቀው የኋላ ሞላ ደግሞ ለእሱ ስለሚከብድ ሞተሩ በክብደቱ በቂ ያህል አይወርድም። ለማጣራት የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው አንድ ምልክት ድረስ ይለኩ። ከዚያ አውርደው ተቀምጠውበት ሌላ ሰው ይለካልዎት። ልዩነቱ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚጓዘው ርቀት ሲሶ ገደማ መሆን አለበት፤ ጎማው 18 ሴ.ሜ የሚጓዝ ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሴ.ሜ ማለት ነው። 3 ተኩል ብቻ ከሆነ የሞላውን ቀለበት በማላላት አንድ ተኩል ወይም 2 ሴ.ሜ በነፃ ያገኛሉ። አሁኑኑ 6 ከሆነ አይንኩት። ካላሉት በኋላ 50 ኪሎ ማዳበሪያ ወይም ሰው ከኋላ የሚጭኑ ከሆነ ቀለበቱን መልሰው ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ አሞርዛተሩ በየጉድጓዱ እስከ መጨረሻው እየወረደ ይመታል።

መቀመጫውን መቁረጥ

ለወሎ መንገድ ከሁሉም በፊት የምንመክረው ይኸው ነው፤ የሞተሩን አካሄድ፣ ከድንጋይ ያለውን ርቀትም ሆነ የአሞርዛተሩን ጉዞ አይነካም። ጥሩ ታፒሰሪ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። ሥራው ግን እንደሚመስለው «ከላይ 3 ሴንቲ ቁረጥልኝ» አይደለም።

ሽፋኑ ከሥሩ ተነቅሎ ስፖንጁ ሲወጣ፣ የሚቀመጡበት ቦታ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ይወርዳል። ከመቀመጫው የፕላስቲክ መሠረት በላይ ቢያንስ 4 ሴ.ሜ ስፖንጅ መቅረት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ ከደሴ ወልድያ ሳይደርሱ ጠንካራው ፕላስቲክ ይሰማዎታል። ዋናው ጥቅም የሚገኘው ደግሞ ከጎንና ጎን ነው። ጭን የሚያርፍባቸውን ሁለት ጠርዞች ከፊት በኩል 2 ሴ.ሜ ያህል አዘንብሎ መላጨት እግሩን ቀጥ አድርጎ ስለሚያወርደው፣ ከላይ ብቻ ከመቁረጥ የበለጠ ያስነካል። አቆራረጡ ወደ ሰልባትዮው ካዘነበለ ግን በእያንዳንዱ ፍሬን ወደ ፊት ይንሸራተታሉ፤ የተቀመጡበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሁን። ለመቁረጥ ረጅም ቀጭን ቢላ ወይም የሴጌቶ ምላጭ፣ ለማለስለስ ሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። በአንዴ ሁሉንም አያስቆርጡ። 2 ሴ.ሜ ተቆርጦ ሽፋኑ ሳይሰፋ ይቀመጡበት፤ የጎደለ ስፖንጅ መመለስ ከመቁረጥ ይከብዳል። ታፒሰሪው የፍራሽ ስፖንጅ ሊጨምርልዎት ካለ እንቢ ይበሉ፤ በጥቂት ወር ውስጥ ይተኛል።

የተቆረጠ ስፖንጅ ውኃ ይጠጣል። በልግም ክረምትም በሚዘንብበት አገር ከሽፋኑ ሥር ላስቲክ ካልገባ፣ ፀሐይ ከወጣ በኋላም እርጥብ መቀመጫ ላይ ይውላሉ። ጉዳቱ ሌላም አለ፤ መቀመጫው ወርዶ የእግር ማሳረፊያው ባለበት ስለሚቀር ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፤ ይህ ረጅም መንገድ ላይ ይሰማል። ከተቻለ ሁለተኛ መቀመጫ ገዝተው እሱን ያስቆርጡ፤ ሞተሩን ሲሸጡ የፋብሪካው ይመለስበታል።

የጫማ ሶል መጨመርም እዚህ ላይ ይነሳል። 2 ሴ.ሜ ሶል ለሁለቱም እግር እኩል ይጨምራል፤ የማርሽ መርገጫውን ግን አንድ ጥርስ ከፍ ማድረግ ይጠይቃል። ጠንካራ ቁርጭምጭሚት ባለው ቦት ጫማ ላይ ካልሆነ አንመክረውም፤ ወፍራም ሶል ድንጋይ ላይ ይጠመዘዛል።

ሊንክና አጭር አሞርዛተር

ከዚህ በላይ የሚፈልግ ሰው ሞተሩን ራሱን ያወርዳል። አንድ የኋላ አሞርዛተር በሊንክ፣ ማለትም በአሞርዛተሩና በኋላ ጎማው መካከል ባለው የብረት መጋጠሚያ፣ የተያያዘበት ሞተር ላይ የሁለቱ ሊንክ ብረቶች ርዝመት ይቀየራል፤ ብዙዎቹ ላይ ሲረዝም ሞተሩ ይወርዳል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር መርዘም ጎማው ላይ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። እንደ ቦክሰር ሁለት አሞርዛተር ባለው ሞተር ላይ ደግሞ ከቀዳዳ ቀዳዳ 2 ሴ.ሜ ያጠረ ጥንድ ይታሠራል፤ መውረዱም 2 ሴ.ሜ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ይሆናል።

አጭር አሞርዛተር ከሊንክ ይሻላል፤ ጉዞው ራሱ ስለሚያጥር ጎማው ፓራፋንጎ የመምታት ዕድሉ ትንሽ ነው። በሊንክ የወረደ ሞተር ግን አሞርዛተሩ ባለበት ርዝመት ስለሚቆይ ጎማው ያለወትሮው ወደ ላይ ይወጣል፤ ሰውና ጭነት ሲኖርበት የሚመታው ይህኛው ነው። ሥራውን ከመቀበልዎ በፊት መካኒኩ ሞላውን አውጥቶ የኋላ ጎማውን በክሪክ እስከ መጨረሻው ይግፋውና በጎማና በፓራፋንጎ መካከል ቢያንስ 1 ሴ.ሜ መቅረቱን ያሳይዎት።

በአካባቢው ቶርኖ ቤት ሊንክ የሚያሠሩ አሉ። ብረቱ ከፋብሪካው ያልሳሳ፣ የሁለቱ ብረቶች የቀዳዳ ርቀት ፍጹም እኩል፣ ቀዳዳውም ብሎኑን አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ አጣብቀው በአንድ ጊዜ ይብሱ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት ኩሽኔታውን አጣሞ ይበላዋል። የአርማታ ብረት ቀጥቅጦ መሥራት አይታሰብም።

ፈጽሞ የማይገባው ሞላ መቁረጥና በእሳት ማሞቅ ነው። በእሳት የሞቀ ሞላ ጥንካሬው ይሄድና በራሱ ይተኛል። የተቆረጠውም የሚቀመጥበትን ጠፍጣፋ ጫፍ ያጣና ጎማው ሲንጠለጠል ልቅ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

ኋላ ሲወርድ ፊት ይከተላል

ኋላው ብቻ 3 ሴ.ሜ ከወረደ መሪው ይዘገያል፣ የፊት ጎማውም ይቀልና ዳገት ላይ በጭቃ ይንሸራተታል፤ መብራቱም ወደ ሰማይ ያበራል። ስለዚህ የፊት አሞርዛተር ቱቦዎች በማቀፊያዎቹ ውስጥ ወደ ላይ ይገፋሉ። ከ1 ተኩል እስከ 2 ሴ.ሜ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሞተሩ ከሥሩ ተደግፎ የፊት ጎማው ከተነሳ በኋላ የላይና የታች ብሎኖች ላልተው ሁለቱ ቱቦዎች እኩል መውጣታቸው በካሊፐር ይለካ። ብሎኖቹን በማኑዋሉ የተጻፈውን ያህል ብቻ ያጥብቁ፤ ከልክ ያለፈ ማጥበቅ ቱቦውን ጨምቆ አሞርዛተሩን ያስቸግረዋል። ከዚያ ፊቱን እስከ መጨረሻው ጨፍልቀው ጎማው ፓራፋንጎውን፣ ገመዶቹም ምንም እንዳይነኩ ይዩ።

ካቴናው እንደገና ይስተካከል። የፊተኛው ጥርስ መሃል፣ የኋላው ክንድ መጋጠሚያና የኋላ እምብርት በአንድ መስመር ሲሆኑ ካቴናው በጣም ይወጠራል፤ የወረደ ሞተር ወደዚያ ቀርቧልና በዚያ ቦታ ላይ ቢያንስ 1 ሴ.ሜ ልቅነት ይቅር። የጎን መቆሚያውም ይረዝምበታል፤ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይቆምና ትንሽ ንፋስ ወደ ቀኝ ይጥለዋል። ከወረደው ርዝመት ትንሽ ያነሰ ቆርጦ ማስበየድ ያስፈልጋል። የመሃል መቆሚያ ያለው ከሆነ ደግሞ ማንሳቱ ይከብዳል።

ታዲያ የትኛው?

የጎደለው እስከ 3 ሴ.ሜ ከሆነ ሞላና መቀመጫ ይበቃሉ፤ ሊንክ አያስፈልግም። ከ3 እስከ 5 ከሆነና መንገድዎ አስፋልት፣ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ ከሆነ፣ መቀመጫ ከአጭር አሞርዛተር ጋር ይሆናል፤ ወደ ደሴ ሲወጡ ጠመዝማዛው ላይ የእግር ማሳረፊያው ቶሎ መሬት እንደሚነካ ይወቁ። ሥራዎ ገጠር ከሆነና ከ5 ሴ.ሜ በላይ ከጎደለ ሞተሩ ለእርስዎ አልተሠራም፤ ትንሽ ዝቅ ያለ ሞተር ይግዙ። በ5 ሴ.ሜ ያወረዱት የጠጠር መንገድ ሞተር ሁለቱንም ሥራ በደንብ አይሠራም።

ያገለገለ ሞተር ሲገዙ ቀድሞ የተነካ መሆኑን ይዩ፦ የፊት ቱቦዎቹ ከማቀፊያው በላይ ብቅ ብለዋል ወይ፣ የጎን መቆሚያው ብየዳ አለበት ወይ፣ ከፓራፋንጎው ሥር ጎማ የፋቀው ምልክት ይታያል ወይ። ከነዚህ አንዱ ካለ የፋብሪካውን ሊንክና አሞርዛተር ሻጩ አብሮ ካልሰጠዎት የሚተኩበትን ዋጋ ከሒሳቡ ያስቀንሱ።