ለኩላሊት ሕመም ፕሮባዮቲክ ልግዛ? እንክብሉ፣ ሲንባዮቲኩና የቤት እርጎው

ጎንደር ውስጥ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ያለበት ዘመድ ካላችሁ፣ መቼም አንዱ "ይሄን ፕሮባዮቲክ ከውጭ አስመጣለት" ማለቱ አይቀርም። ብር ከማውጣታችሁ በፊት እናወዳድር።

የፕሮባዮቲክ እንክብሉ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች አሉ። መነሻ ሐሳቡ ውሃ ያነሳል፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ከሚጠራቀመው መርዝ ከፊሉ የሚመነጨው ከአንጀት ነው። አንዳንዱ እንክብል ደግሞ ዩሪያን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን አንዱን ቆሻሻ፣ ይበላል ተብሎ ይሸጣል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያው ዩሪያውን ቢበላው የላብራቶሪው ቁጥር ይወርዳል፤ ኩላሊቱ ግን ያው ነው። ሻጩ "ዩሪያው ወረደ" ካላችሁ "ክሬቲኒኑስ? የሽንት ፕሮቲኑስ?" በሉት፤ ሁለቱም የኩላሊትን ጤንነት የሚያሳዩ ምርመራዎች ናቸው።

ሲንባዮቲክ ባክቴሪያውን ከነቀለቡ፣ ማለትም ከአሰር ጋር ያቀርባል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በወጣ የአውስትራሊያ ጥናት 37 ሕሙማን ተካፍለዋል። ከሁለቱ ዋና የአንጀት መርዞች አንዱ ቀነሰ፤ ሌላው ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። የተወሰደው ለ6 ሳምንት ነው። ለዓመታት ለሚዘልቅ በሽታ ይሄ አጭር ነው።

የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ዓለም አቀፉ ኮክሬን በ2023 ሁሉንም ዓይነት አንድ ላይ ገመገመ፤ 45 ጥናቶች፣ 2,266 ሰዎች። ኩላሊትን ያቆያሉ የሚያሰኝ አስተማማኝ ማስረጃ አላገኘም። ዳፓግሊፍሎዚን የተባለው የሐኪም ትዕዛዝ መድኃኒት በ2020 በአንድ ጥናት ብቻ 4,304 ሰዎች ላይ ተፈትኖ የኩላሊትን መድከም አዘግይቷል። ልዩነቱን እናንተው ፍረዱ።

በወይራ በታጠነ ዕቃ የረጋው የቤታችን እርጎስ? ርካሽ ነው፣ ይጣፍጣል፣ በጾም ግን የለም። መድኃኒት ነው አልልም። ፖታሲየምና ፎስፈረስ ስላለው እጥበት ላይ ያለ ሰው መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። ካልፈላ ወተት የረጋ ከሆነ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ወተቱን አፍልታችሁ በእርሾ አርጉት።

እኔ ብሆን ገንዘቡን መጀመሪያ ለግፊት መድኃኒትና ለክሬቲኒን ምርመራ አውለው ነበር። ከተረፈ ሲንባዮቲኩን እመርጣለሁ፣ ያውም ብዙ ሳልጠብቅ። ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን ሐኪሙ ሳይፈቅድ የትኛውንም አይጀምር፤ የመከላከል አቅሙ ስለተዳከመ ሕያው ባክቴሪያ ራሱ ሊያሳምመው ይችላል።

ስትገዙ የባክቴሪያው ሙሉ ስም መጻፉን፣ ብዛቱም እስከ ማብቂያ ቀኑ የተረጋገጠ መሆኑን እዩ። "ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ" የሚል ከሆነ በምን እንደመጣ ጠይቁ። በመተማ ሙቀት ያለ ማቀዝቀዣ ያለፈ ከሆነ ተዉት።