80ዲ፣ ጂኤች4 ወይስ ሲ100? ለመጀመሪያ ፊልማችሁ ያገለገለ ካሜራ ስትመርጡ

ሰሞኑን ሁለት ወጣቶች ስክሪፕታቸውን ይዘው መጡ። የ15 ደቂቃ ድራማ ነው። ታሪኩ ያለው አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ነው፤ እናትና ልጅ ቡና እየጠጡ ያወራሉ። ገንዘብ አዋጥተዋል። «የትኛውን እንግዛ?» ብለው ቴሌግራም ላይ ያገኟቸውን ሦስት ማስታወቂያዎች አሳዩኝ፦ ካነን 80ዲ፣ ፓናሶኒክ ጂኤች4 እና ካነን ሲ100። በሦስቱም ሠርቻለሁ። ለእነሱ ያልኳቸውን ለእናንተም ልጻፈው።

የብር ዋጋ አልጠራም፤ ዛሬ ብነግራችሁ ነገ ሌላ ነው። አዲስ ሳሉ ግን 80ዲ ያለ ሌንስ 1,200 ዶላር ገደማ፣ ጂኤች4 1,700 ገደማ፣ ሲ100 ደግሞ ከ6,000 በላይ ይሸጡ ነበር። ሲ100 ዋጋው ክፉኛ የወረደው በዋናነት 4ኬ፣ ማለትም ከተለመደው ኤችዲ አራት እጥፍ ዝርዝር ያለው ምስል፣ ስለሌለው ነው። ለእኛ ይህ ሲሳይ ነው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

80ዲ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ነው። ትልቁ ጸጋው ፎከሱ ነው። ተዋናይዋ ብትነሳም ብትቀመጥም ፊቷን ይከተላል። ስክሪኑን በጣት እየነካችሁ ፎከሱን ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ታሻግራላችሁ። ብቻውን ለሚቀርጽ ሰው ረዳት እንደመቅጠር ነው። የማይክም የጆሮ ማዳመጫም መሰኪያ አለው። ከእሱ በፊት የወጣው 70ዲ ግን የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የለውም፤ «ያው አንድ ናቸው» የሚላችሁን ደላላ አትስሙት። ባትሪውና ሌንሱ ደግሞ ብዙ ሰው እጅ ላይ ስላለ ቢቸግራችሁ ከጓደኛ ትዋሳላችሁ። ድክመቱ ምስሉ ጥርት አለማለቱ ነው። ሰፊ ሜዳ ስትቀርጹ የሩቁ ዛፍና ጣሪያ ይደበዝዛል። ሎግ፣ ማለትም በኋላ ቀለሙን በኤዲት እንድታስተካክሉ ፈዘዝ አድርጎ የሚቀዳበት ዘዴ፣ የለውም። በእጅ ፎከስ ስታደርጉ ጠርዙን በቀለም የሚያሳያችሁ ፒኪንግም የለውም። በትርፍ ሰዓት ሰርግና ልደት እየቀረጻችሁ ገንዘቡን ለመመለስ ካሰባችሁ ግን ከሦስቱ እሱ ይሻላል።

የጂኤች4 ምስል ጥርት ያለ ነው። 4ኬ ካርዱ ላይ ይቀዳል፤ ባትሪውም አይከዳም። ፒኪንግም፣ ብርሃን የበዛበትን ቦታ በመስመር የሚያሳይ ዜብራም አለው። ችግሩ ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትንሽ ነው። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ብትገጥሙለት 4ኬ ላይ ከ100 በላይ እንደሆነ ሌንስ አቅርቦ፣ አጥብቦ ያሳያችኋል። የልጆቹን ቤት አስቡት። ጀርባችሁ ግድግዳ ነክቶም የእናትየው ፊት እንጂ ጀበናው አይታይም። ስለዚህ ሰፊ ሌንስ ተጨማሪ ወጪ ነው። ማታ ደግሞ አይኤስኦው (ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600ን ካለፈ ምስሉ ይሻክራል። 4ኬው በሰዓት 45 ጊጋባይት ገደማ ስለሚበላ ባለ 64 ካርድ አንድ ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ ነው የሚይዘው። ኮምፒውተራችሁ ያረጀ ከሆነ ኤዲት ስታደርጉ ታለቅሳላችሁ። በቂ ብርሃን ባለበት፣ ውጭ፣ ቀን ላይ ለሚቀረጽ ሥራ ግን እወደዋለሁ።

አሁን ወደ ሲ100። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ለፊልም ሠሪ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፎቶ ማንሻ አይደለም። ብርሃን የሚቀንሰው የኤንዲ ፊልተሩ ውስጡ ነው። ቀትር ላይ ከቤት ወደ ደጅ ስትወጡ አንዲት ጎማ ታዞራላችሁ፣ አለቀ። ሎግ አለው። ጨለማ ላይ ከሁለቱም ይበልጣል። አንድ ምሽት በአንድ አምፖልና በከሰል ፍም ብርሃን ቀርጬበታለሁ። የጠይሟ ተዋናይ ጉንጭ ላይ ያለው ጥላ ሳይቆሽሽ፣ ለስላሳ ሆኖ ወጣ። በ80ዲ ቢሆን ጥላው ውስጥ አረንጓዴና ቀይ ነጠብጣብ ይርመሰመስ ነበር። የሰዓት ቀረጻ 11 ጊጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው፤ ባለ 64 ካርድ ወደ ስድስት ሰዓት ያስኬዳል። ሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ ስለሚቀዳም አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ።

«4ኬ የለውም እኮ» አሉኝ ልጆቹ። ልክ ነው። ግን ሲኒማ ቤት የሚታየው 2ኬ ራሱ 2048 በ1080 ነው፤ ከሲ100 ምስል ብዙም አይርቅም። ዩቲዩብ ላይ በስልክ ለሚያይ ሰውማ ጭራሽ አይለይም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስሎሞሽን የለውም ማለት ይቻላል። አይን የሚደገፍበት ቪውፋይንደሩ በጣም ትንሽ ነው። ፎከሱም በአብዛኛው በእጅ ነው፤ ካነን በክፍያ ያሻሻላቸው ግን 80ዲ ላይ ያለው፣ ዱዋል ፒክስል የሚባለው ራሱን የሚያስተካክል ፎከስ አላቸው፤ የሚሠራው ግን የምስሉ መሃል ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ «ዱዋል ፒክስል ተገብቶለታል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እዚያው ሞክሩት።

ድምፅ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዓመታት በፊት ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። ውጭው ያብረቀርቃል፣ ሌንሱ ንጹህ ነው። ሁለት ቀን ከቀረጽኩ በኋላ ሳዳምጥ የተዋናይዋ ንግግር መሃል መሃሉ ላይ የለም። የማይኩ መሰኪያ ላልቶ ኖሯል። ያንን ትዕይንት እንደገና ለመቅረጽ ልጅቷ ከተማ ውስጥ አልነበረችም። ምስል ቢደበዝዝ ተመልካች ይታገሳል። ድምፅ ሲጠፋ ግን ይነሳል። ሲ100ን የምመርጠው ከሁሉ በላይ ባለ ሦስት እግር የማይክ ገመድ አጥብቆ ስለሚይዝ ነው።

የትኛውንም ብትገዙ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ማይክና ጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ እየቀዳችሁ ገመዱን ነቅነቅ አድርጉት። ሌንሱን ከድናችሁ አይኤስኦ 3200 ላይ ግማሽ ደቂቃ ቅዱ፤ ጥቁሩ ላይ የማይንቀሳቀሱ ብዙ ነጠብጣቦች ካሉ ሴንሰሩ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አጥብባችሁ ነጭ ግድግዳ ቅረጹ፤ አቧራው ይታያል። ባትሪውን ቢያንስ 20 ደቂቃ አስሠሩት፤ አንድ ሐሙስ የቀረው ባትሪ እዚያው ይታወቃል። ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ብዙ ጊዜ ሹተሩ (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ረጃጅሞቹ የፍሎረሰንት መብራቶች ሥር ምስሉ ይርገበገባል። 1/50 አድርጉት።

ወደ ልጆቹ ልመለስ። የሲ100ን ማስታወቂያ ደግሜ ሳየው ፎቶው ላይ የላይኛው መያዣ የለም። የሲ100 ትልልቆቹ የማይክ መሰኪያዎች ያሉት እዚያ መያዣ ላይ ነው! ያለ እሱ ትንሿ መሰኪያ ብቻ ናት የምትቀረው። ሻጩ ጋ ደወልን። «ቤት ተቀምጧል፣ ማንም ስለማይጠቀምበት ነው» አለ። ቅዳሜ ሄድን። መያዣውን ከካርቶን ውስጥ ከነአቧራው አውጥቶ ገጠመው። ማይኩን ሰክተን ገመዱን ነቀነቅን፣ የድምፅ መለኪያው አልተቋረጠም። ኤንዲውን አንድ በአንድ አዞርን። ከዚያ ከሁለቱ ወጣቶች አንዷ ከቦርሳዋ ብሩን አወጣች።